ጉልበትና ጣት ሲከዱ

ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከበርጩማ ለመነሳት በእጁ ጭኑን መደገፍ ሲጀምር ቤተሰቡ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ “እርጅና ነው” ይላል። ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ድንገት ከድቶት ቢወድቅ እርጅና፣ የውሃ ጠርሙስ ክዳን አልከፈት ቢለው እርጅና። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ከድካሙ በስተጀርባ የራሱ ስምና የራሱ አካሄድ ያለው በሽታ ይኖራል። ሐኪሞች ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ ይሉታል፤ በአጭሩ አይቢኤም።

ብርቅ በሽታ ነው። ሆኖም ከ50 ዓመት በኋላ ከሚጀምሩና በዘር ከማይወረሱ የጡንቻ በሽታዎች መካከል በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ወንዶች ላይ ይበረታል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ያወጡለትም ዩኒስና ሳማሃ የተባሉ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጡንቻው ውስጥ የተገኘውን እንግዳ ክምችት መነሻ አድርገው ነው።

ከተራ የእርጅና ድካም የሚለየው ጡንቻ መምረጡ ነው። እርጅና ሰውነትን በሙሉ ቀስ እያለ ያደክማል። አይቢኤም ግን በተለይ ሁለት ቦታ ይበረታል፤ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጭን የፊት ጡንቻና ጣት የሚያጥፈው የክንድ ጡንቻ። ጭኑ እየሳሳ ሲሄድ ሱሪው ላይ ሳይቀር ይታወቃል። ጣቶቹ ደግሞ ጨብጥ ሲባሉ ጫፋቸው መዳፍ ላይ አይደርስም። እንጀራ መቁረስ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ የሞላ ጀበና ማንሳት እየከበደ ይመጣል። አንዱ ጎን ከሌላው ይብሳል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ምግብ መዋጥም ይቸግራቸዋል፤ በየማዕዱ ትን ይላቸዋል። ልብ ግን አይጎዳም፣ የማሰብ ችሎታም አይነካም። ሰውየው ሁሉን እያወቀና እየተሰማው ነው ኃይሉ የሚሄደው።

ጡንቻው ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ይካሄዳል። በአንድ በኩል ጀርም መግደል የነበረባቸው የመከላከያ ህዋሳት ጤነኛው ጡንቻ ውስጥ ሰርገው ይገባሉ። በሌላ በኩል ጡንቻው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ፕሮቲኖች በተሳሳተ መልክ ተጣጥፈው ይከማቻሉ፣ ቀዳዳዎችም ይፈጠራሉ። የትኛው ቀዳሚ፣ የትኛው ተከታይ እንደሆነ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ክርክሩ የላቦራቶሪ ብቻ ቢመስልም ዳፋው ታማሚው ላይ ይወድቃል። ደም ሲመረመር ከጡንቻ የሚፈሰው ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከጡንቻው ናሙና ሲወሰድም የመቆጣት ምልክት ይታያል። በዚህ ጊዜ በሽታው ፖሊማዮሳይቲስ ከሚባለው፣ በመድኃኒት ከሚሻለው ሌላ የጡንቻ ሕመም ጋር ይምታታል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ይታዘዛል፤ ወር በወር ላይ ይደረባል። አይቢኤም ግን ለስቴሮይድ አይበገርም። መድኃኒቱ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ጉልበቱ በየጊዜው ለሚከዳው ሽማግሌ ደግሞ የሳሳ አጥንት ማለት ስብራት ነው። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ትክክለኛው ስም ዓመታት የሚያልፉባቸው ታማሚዎች ብዙ ናቸው። ስሙን ማወቅ ፈውስ ባያመጣም ከማይጠቅም መድኃኒት ያድናል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሽታውን ለብዙ ሰው ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጊታሪስት ፒተር ፍራምፕተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መታመሙን ይፋ አድርጎ ለስንብት የኮንሰርት ጉዞ ወጣ። ኑሮው በጣቶቹ የቆመ ሰው ጣት የሚያስር በሽታ ያዘው። እሱ ግን ከዚያ ስንብት በኋላም ተቀምጦ እየተጫወተ መድረክ ላይ ቀጥሏል።

በሽታውን እንደሚያቆም የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። የሚደረገው ግን ጥቂት አይደለም። ቀድሞ እንቅስቃሴ ጡንቻውን ይበልጥ ያደክመዋል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ አሁን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የተመጠነ ስፖርት እንደማይጎዳና የቀረውን ኃይል ለማቆየት እንደሚረዳ ታውቋል። ትን የሚለው ሰው በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሳይቸኩል መብላት አለበት፤ አዋዋጡን የሚያይለት ባለሙያም ያስፈልገዋል። ጉሮሮው እየደከመ ላለ ሰው በትልቁ የተጠቀለለ ጉርሻ ፍቅር ቢሆንም አደጋ ነው።

ቤትም መስተካከል አለበት። ዱካና ዝቅተኛ ሶፋ ለእንዲህ ያለ ሰው ወጥመድ ነው፤ ከፍ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ግን ብቻውን እንዲነሳ ያስችለዋል። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት መቀመጫ፣ ግድግዳውም መያዣ ብረት ይፈልጋል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ታማሚ ውሎ አድሮ ቤቱ እስር ቤት ይሆንበታል፤ ስለዚህ ወደ ምድር ቤት የመውረድ ምክክር ሲወድቅ ሳይሆን ገና በእግሩ ሲሄድ መጀመር አለበት። ከዘራንም፣ ኋላም ተሽከርካሪ ወንበርን እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቅዳሴ በመቋሚያ ተደግፎ ለሚያስቀድስ፣ ሶላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ለሚሰግድ ሕዝብ መደገፍ አዲስ ነገር አይደለም።

በሽታው በአብዛኛው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ብዙዎች ለዓመታት አብረውት ይኖራሉ። ስለዚህ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ደጋግመው ከወደቁ፣ ጣታቸው አልጨብጥ ካለ፣ ውሃ ሲጠጡ ትን ካላቸው፣ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉት። ጭናቸውንና መዳፋቸውን እዩ፤ ወደ ነርቭና ጡንቻ ሐኪም ውሰዷቸው፤ ስቴሮይድ እየወሰዱ ለውጥ ካላዩም መድኃኒቱን በራሳችሁ ሳታቋርጡ ምርመራው እንዲደገም ጠይቁ።