ሕመምን በሰዓቱ ማስታገስ

በካምፓላ ከተማ፣ ዋንዴገያ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ በሙላጎ ኮረብታ ላይ የኡጋንዳ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ይገኛል። የማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። በዚህች አገር ሕመምን ስለማስታገስ የተገኘው ልምድ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ለሚያስቀይሩ ሰዎችም ስለሚጠቅም በአጭሩ ልናብራራው እንወዳለን።

በእኛ ዘንድ ሕመምን ዋጥ አድርጎ መቻል እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ከመገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ግን ይህ ይጎዳል። በሽተኛው ቶሎ ተነሥቶ መራመድ አለበት፤ ሕመሙ ካላስነሣው በእግሩ ደም ሊረጋ፣ ጉልበቱም አልታጠፍ ሊል ይችላል። ስለሆነም ማስታገሻ የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።

ለመሆኑ ማስታገሻው እንዴት ይሰጣል? ሐኪሞች አንዱን መድኃኒት ከማብዛት ይልቅ የተለያዩትን በመጠኑ ያቀናጃሉ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በጀርባ ወይም በነርቭ አጠገብ የሚወጋው ማደንዘዣ የሕመሙ ስሜት ወደ አንጎል እንዳይደርስ ይከለክላል። ከዚያም ፓራሲታሞል ይከተላል። ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። 500 ሚሊግራም የሆነውን ኪኒን ሁለት ሁለት አድርጎ በቀን 4 ጊዜ የዋጠ ሰው 4 ግራም ሞላ ማለት ነው። ፓራሲታሞል ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ከጨመረበት ልኩን ያልፋል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት እብጠትን ይቀንሳሉ፤ ሆኖም የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት በሽታ ላለበት አደገኞች ናቸው።

ለከባዱ ሕመም ሞርፊን ወይም እርሱን የመሰለ መድኃኒት ይታዘዛል። ብዙዎች ስሙን ሲሰሙ ይፈራሉ። በኡጋንዳ ግን ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካን ካቋቋሙ ወዲህ፣ በውሃ የተበጠበጠ ሞርፊን በአፍ መስጠት ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶች እንዲያዙት ተፈቀደ። ይህ በይበልጥ የታሰበው ለካንሰር በሽተኞች ሲሆን፣ ዋናው መመሪያም ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠብቁ መድኃኒቱን በታዘዘለት ሰዓት መስጠት ነው። ይኸው መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቀዶ ሕክምና በሽተኛም ይሠራል። ልዩነቱ፣ ለእርሱ ሞርፊን ለአጭር ጊዜ ብቻ ታዝዞ እየተቀነሰ መቆሙ ነው።

ሞርፊን ሆድን ያደርቃል፤ ሲበዛም ትንፋሽን ያዳክማል። ስለዚህ ከመጠጥ ጋር አይወሰድም፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ከልጆችም ይራቃል። በሽተኛው አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ሳይዘገይ ሐኪም ይጠራ።

ተማሪዎች በቤታቸው እንዲህ ያለ በሽተኛ ካለ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት በወረቀት እየመዘገቡ ሊረዱ ይችላሉ። መምህራንም ይህን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ቢያሠሩ ትምህርቱ ከቤት ይደርሳል።