የካርፑ ቅርፊት የት ሄደ?

ዓርብ ጠዋት ከሃይፋው ታልፒዮት ገበያ የገዛሁትን ካርፕ እናቴ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ይሄ አምባዛ ነው እንዴ? ቅርፊቱስ?» አለችኝ። ጎንደር በኦሪት ሕግ ያደገች ሰው ናት፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቤቷ አይገባም። ባለዛጎሎቹ ኦይስተርና መስልማ ስማቸውም አይነሳ።

«አለው እማዬ» ብዬ በጀርባውና በጅራቱ ሥር የተደረደሩትን ሳንቲም የሚያካክሉ ቅርፊቶች አሳየኋት። አላመነችኝም፤ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ሃያ ሰባት።

ይህ «መስታወት ካርፕ» የሚባለው ነው። ዓሣው ለቅርፊት የሚሆን ዘረ መል ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ሙሉ ቅርፊት የሚያለብሰው ቅጂ ከአንዱ ወገን ብቻ ቢደርሰውም ይለብሳል። ከሁለቱም ያጣው ግን ላባው እንደተነጨ ዶሮ እንዲህ ገላው ወጥቶ ይቀራል። ለማጽዳት ስለሚቀል ባለሙያ ሴት አትጠላውም። ከዚህ የባሰ ሌላ ዘረ መል አለ፦ ከአንድ ወገን ሲመጣ መስታወት ካርፑን ከሞላ ጎደል ራቁቱን ያስቀረዋል፤ ከሁለቱም ከመጣ ግን ጫጩቱ አይተርፍም።

«ለመጠኑስ እንደ ከብት ትልልቁን እየመረጡ ማራባት ነዋ» አለች እናቴ።

ሁሉም የሚያስበው እንደዚያ ነው። ከሃይፋ ወደ ቴል አቪቭ በባቡር ሲኬድ በባሕሩ በኩል የዓሣ ኩሬዎች ይታያሉ፤ በዚያው ዳርቻ፣ ዶር በተባለው የምርምር ጣቢያ፣ ተመራማሪዎቹ ሮም ሞአቭና ጊዮራ ቮልፋርት ይህንኑ ሞክረውታል። ለ5 ትውልድ በአንድ ወገን ፈጥኖ አዳጊውን፣ በሌላው ቀርፋፋውን እየመረጡ አራቡ። ውጤቱን በ1976 አሳተሙ። የቀርፋፋው ዘር ጭራሽ ቀረፈፈ፤ የፈጣኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

እንዴት? ዓሣው የገዘፈው የማይመሳሰሉ ሁለት ቅጂዎች ስለተገናኙበት ከሆነ፣ ጥንዱን እንዳለ ለልጁ ማውረስ አይችልም፤ የሚሰጠው አንዱን ብቻ ነው። ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል ደግሞ ዕድገቱ ይወርዳል። ኩሬውም ያታልላል፦ በጥቂት ቀን የቀደመ ጫጩት ሌሎቹን እየገፋ መኖውን ይበላና ይፋፋል። እኛ ጥሩ ዘር ነው እንላለን፤ እሱ ግን ጉልበተኛ ብቻ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ማዳቀል ሆነ። «ዶር-70» የተባለውን የእስራኤል ዘር ከዩጎዝላቪያ ከመጣ ሌላ ዘር ጋር አገናኙ፤ ልጆቹ ፈጥነው አደጉ። የኦይስተር አርቢዎችም እንዲሁ የተራራቁ ዘሮችን ያዳቅላሉ። ችግሩ ገበሬው ድቅሉን ራሱ ላራባ ቢል ልጆቹ ወጥ አይሆኑለትም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ ጫጩት በየጊዜው ይገዛል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የድቅል በቆሎ ዘር በየዓመቱ እንደሚገዛው።

እናቴ ሃያ ሰባቱን በጥፍሯ ነቅላ ጨርሳ ዘይቱን ጥዳለች።