በአስቤስቶስ ብናኝ የታመመ ሠራተኛ ስላለው የካሳ መብት

ሰው በላቡ ጥሮ ግሮ መኖር የሚገባው ቢሆንም፣ ሥራው ጤንነቱን የሚያጠፋበት ከሆነ እንጀራውም ሕይወቱም አብረው ይጠፋሉ። በዚህ ወር የምንመለከተው አስቤስቶስ የተባለው ማዕድን በሠራተኛ ላይ የሚያደርሰውን በሽታና የታመመው ሰው በሕግ በኩል ሊሄድባቸው የሚችላቸውን መንገዶች ነው። ከአዋጅ ቁጥር በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አስቤስቶስ ከምድር የሚወጣ፣ እንደ ጥጥ ሊፈተል የሚችል ክር ያለው ድንጋይ ነው። እሳት ስለማይበላው በቤት ክዳን፣ በውሃ ቱቦ፣ በመኪና ፍሬን ሸራና በእንፋሎት ማሞቂያ መጠቅለያ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ነገር ግን ሲፈጭ፣ ሲቆረጥ ወይም ሲሰበር ለዓይን የማይታዩ ክሮች በአየር ላይ ይበንናሉ፤ ሠራተኛውም ከትንፋሹ ጋር ወደ ሳምባው ይስባቸዋል። ሰውነት ሊያሟሟቸው ስለማይችል በዚያው ተሰንቅረው ይቀራሉ። ከዚህም የሚመጡት ዋና ዋና በሽታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ/ ሳምባ በጠባሳ እየጠነከረ ትንፋሽ የሚያጥርበት አስቤስቶሲስ፤
2ኛ/ የሳምባ ካንሰር፣ ይኸውም ሲጋራ በሚያጨስ ሠራተኛ ላይ እጅግ የሚበረታ፤
3ኛ/ የሳምባን ወይም የሆድ ዕቃን ሽፋን የሚይዝ ሜሶቴሊዮማ የተባለ ካንሰር።

እነዚህ በሽታዎች የሚገለጡት ሠራተኛው ብናኙን ከሳበ ከ10 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይተው ነው። የሕጉም ችግር የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ሕመሙ በሚታወቅበት ጊዜ ሠራተኛው ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ፋብሪካው ተዘግቷል ወይም ተሸጧል፤ የደመወዝ መዝገቡም ጠፍቷል።

አሠሪዎች ግን «አላወቅንም» ለማለት የሚችሉበት ዘመን አጭር ነበር። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በአስቤስቶስ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ሴት አሟሟት በ1924 ዓ.ም. በሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ብናኙን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በ1960 ዓ.ም. ዶክተር ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ የ33 ሰዎችን የሜሶቴሊዮማ ሕመም መርምረው ጽሑፍ አወጡ፤ ከሕመምተኞቹም አንዳንዶቹ በማዕድን ማውጫው አጠገብ የኖሩ እንጂ በውስጡ የሠሩ አልነበሩም።

ለታመመ ሠራተኛ በልዩ ልዩ አገሮች የተከፈቱት መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው፣ የአሠሪው ጥፋት ሳይመረመር በሽታው ከሥራው የመጣ መሆኑ ብቻ ሲረጋገጥ የሚከፈል ካሳ ነው። ፈጣን ቢሆንም ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው፣ አሠሪውን ወይም ዕቃውን የሠራውን ኩባንያ በቸልተኛነት በፍርድ ቤት መክሰስ ነው። በአሜሪካ በ1973 ዓ.ም. አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የአስቤስቶስ ዕቃ አምራቾች አደጋውን ለሠራተኛው የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለባቸው ፈረደ።

ሦስተኛው፣ ኩባንያው ሲከስር ወይም ሲጠፋ የሚቋቋም የካሳ ገንዘብ ነው። ጆንስ ማንቪል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1982 ዓ.ም. የኪሳራ ጥያቄ ካቀረበ በኋላ ለሕመምተኞች እንዲህ ያለ ገንዘብ ተቋቁሟል። እንግሊዝም በ2014 ዓ.ም. አሠሪያቸውና መድን ሰጪው ላልተገኙ የሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞች የሚከፍል ሕግ አውጥታለች።

ለአፍሪካ ሠራተኛ ልዩ ትምህርት የሚሰጠው የደቡብ አፍሪካ ነገር ነው። ኬፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዚያ አገር አስቤስቶስ ያስወጣ ነበር። ኩባንያው ከአገሩ ከወጣ በኋላ ከ3,000 በላይ ሕመምተኞች ለንደን ላይ ከሰሱት። ኩባንያው «ክሱ በደቡብ አፍሪካ ይታይ» ብሎ ተከራከረ። የሎርዶች ምክር ቤት ግን በ2000 ዓ.ም. ሕመምተኞቹ በአገራቸው ጠበቃና የክርክር ገንዘብ ስለማያገኙ ፍትሕ ይጓደልባቸዋል ብሎ ክሱ በእንግሊዝ እንዲቀጥል ፈቀደ። በ2003 ዓ.ም. ወደ 7,500 የሚሆኑ ከሳሾች በስምምነት 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈላቸው። ገንዘቡ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎችም ፍርዱን ሳያዩ ሞተዋል። ቢሆንም የእናት ኩባንያው በሌላ አገር መሆን ከተጠያቂነት የሚያድን ጋሻ እንዳልሆነ ታውቋል። ደቡብ አፍሪካም በ2008 ዓ.ም. አስቤስቶስን በሕግ ከለከለች።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ጉዳት ይቆጥረዋል፤ አሠሪውም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ የአሮጌ ቤት ክዳን የሚያፈርስ፣ የፍሬን ሸራ የሚሞርድ ወይም የማሞቂያ መጠቅለያ የሚፈታ ሠራተኛ የሚከተለውን ሊያደርግ ይገባዋል፦

1ኛ/ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቅ ሳል ካልለቀቀው ወይም ደረቱን ከወጋው ወደ ሐኪም ሄዶ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሠራውን ሥራ ሁሉ በዝርዝር ይንገር፤ ሐኪሙ ካልሰማ በሽታውን ከሥራው ጋር ሊያያይዘው አይችልም።
2ኛ/ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የራጅ ፎቶግራፉንና የሐኪም ማስረጃውን በአንድ ቦታ ያስቀምጥ።
3ኛ/ አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስም ይጻፍ፤ መዝገብ ቢጠፋ ምስክር ይተካዋልና።
4ኛ/ የሕግን ነገር ለነገ አይበል። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በይርጋ የተወሰነ ነው፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ ሕመምተኛው በሽታውንና ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ስለዚህ የበሽታው ስም እንደታወቀ የሠራተኛ ማኅበሩንና የሕግ አዋቂ ያማክር።
5ኛ/ የሥራ ልብሱን ወደ ቤቱ አይውሰድ፤ ልብስ የሚያጥቡ ሚስቶችም በዚሁ ብናኝ ታመዋልና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለው፣ ሥራውን የደበቀም ካሳ አይገኝለትም። ይሁን እንጂ ካሳ የጠፋ ሳምባን አይመልስም። አሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ ብናኙን እንዲያስቀር፣ ሠራተኛም ይህን እንዲጠይቅ ያስፈልጋል።