ከምርመራ አልጋው ወዲያ
በሕክምና ሥራችን ውስጥ እርስ በርስ የምንነጋገረውን፣ ለወላጅ ግን እምብዛም የማንነግረውን ነገር ልንገራችሁ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሲቀርብልን ብዙዎቻችን አልጋ ላይ አጋድመን እግሩን እናጥፋለን፣ እንዘረጋለን። በፍጥነት ስንዘረጋው ከያዘን፣ በዝግታ ሲሆን ደግሞ ከላላልን «ስፓስቲሲቲ» ብለን እንጽፋለን። ካርድ ላይ የሰፈረ ቃል ለዓመታት ይከርማል፤ ማንም ተመልሶ አይፈትሸውም።

ግኝቱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ስፓስቲሲቲ አለባቸው። ከጎኑ ሊኖር የሚችለው ዲስቶኒያ፣ ማለትም ጡንቻ ያለ ፈቃድ ተኮማትሮ አካልን መጠምዘዙ፣ ግን ያመልጠናል፤ ተጋድሞ በረጋ ልጅ ላይ ላይታይ ይችላልና። የሚወጣው ልጁ አንድ ነገር ላድርግ ሲል ነው። ኩባያ ሊያነሳ ሲዘረጋ ክንዱ ይጠመዘዛል፤ ደስ ሲለው፣ ሲደነግጥ፣ ሲያመው ወይም ሆዱ ሲደርቅ ገላው ይገተራል፤ እንቅልፍ ሲወስደው ይለቀዋል። ይህን ሁሉ የምታየው ቤት ያለችው እናት ናት።

ልምድ ያለው ባለሙያ ልጁን «ቀኝ እጅህን ጨብጥ፣ ክፈት» ይለውና ዓይኑን ግራ እጁና እግሩ ላይ ይተክላል። ያልታዘዘው አካል ከተጠማዘዘ ዲስቶኒያን ይጠረጥራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የካናዳውያን መመዘኛ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ሰባት ነጥቦች ብቻ ያሉት ሲሆን ውድ መሣሪያ አይፈልግም።

ሌላው የምንጠይቀው ከተወለደ በኋላ ስለነበረው የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ በጣም ቢጫ ሆኖ ነበር? ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ከልክ ሲያልፍ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን የአንጎል ጥልቅ ክፍል ይጎዳል፤ መስማትንና ወደ ላይ ማየትንም ሊነካ ይችላል። አእምሮው ግን ብዙ ጊዜ ንቁ ነው። ሲጠማዘዝ የዋለና መናገር ያቃተው ልጅ ፊት «አይገባውም» ሲባል ስሰማ ያንገበግበኛል፤ ልጁ ሁሉን እየሰማ ሊሆን ይችላልና።

ልዩነቱ ሕክምናውን ይለውጣል። ወደ አከርካሪ የሚገቡ ነርቮችን እየመረጠ የሚቆርጠው ቀዶ ጥገና ስፓስቲሲቲን ያላላል፤ ዲስቶኒያን ግን አያድንም። ጅማት የሚያስረዝመውም ቀዶ ጥገና ዲስቶኒያ ካለ ውጤቱ አስቀድሞ አይታወቅም። ዲስቶኒያ ከዓመታት በኋላም ሊጎላ ስለሚችል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሁለት ዓመቱ በተጻፈለት ካርድ መታከም የለበትም።

ጠዋት ደህና ሆኖ የሚነሳ፣ ሲመሽ ግን እግሩ የሚተሳሰርበት ልጅ ካላችሁ ደግሞ አጥብቃችሁ ተናገሩ። የጃፓኑ ሐኪም ማሳያ ሴጋዋ የገለጸው፣ ሌቮዶፓ በተባለ መድኃኒት ጥቂት መጠን በእጅጉ የሚሻሻል ሕመም አለ፤ ይህ ሕመም እያለበት ሴሬብራል ፓልሲ ተብሎ ዓመታት የሚያልፉበት ልጅ አለ።

ስለዚህ በስልካችሁ ቅረጹ፦ ሲበላ፣ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሲተኛ። ጠዋትና ማታ ለየብቻ ይሁን። ሐኪሙ ልጁን ከማጋደሙ በፊት አሳዩትና «ዲስቶኒያም አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።