ስለ መኪና ጎማ አመራረጥ፤ የፈረንጅ ክረምትና የባቱ ክረምት

የሰኔ ደመና በዝዋይ ሐይቅ ላይ ማንዣበብ ሲጀምር መኪና ያለው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጎማውን መመልከቱ የተለመደ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በበጋ እንደምንም ቢያገለግልም ዝናብ በጣለ ጊዜ እንደሚያንሸራትት ማንም ያውቃል። እንግዲህ የባቱ ነጋዴ በዚህ ወራት ወደ መርካቶ ወጥቶ ወይም በከተማው ካሉት ጎማ ሻጮች ዘንድ ቀርቦ ሲጠይቅ፣ «ይህ የክረምት ጎማ ነው» ተብሎ ጥርሱ የጠለቀ፣ ላስቲኩ የለሰለሰ፣ ዋጋውም የቀለለ ጎማ ቢቀርብለት ደስ ብሎት ቢገዛው የሚያስገርም አይደለም። ክረምት ገብቷልና የክረምት ጎማ መግዛት ብልኅነት ይመስላል። ስሕተቱ ግን ከዚሁ ከስሙ ይጀምራል።

በፈረንጆች ዘንድ ክረምት ማለት ውርጭ የሚበረታበት፣ መንገዱም በበረዶ የሚሸፈንበት ወራት ነው፤ ያውም የሚውለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በኢትዮጵያ በጋ በሆነበት ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወራት ነው። አልፎ አልፎ ከዝናቡ ጋር የሚወርደው በረዶም ወዲያው የሚቀልጥ ስለሆነ ከዚህ አይቈጠርም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በባቱ፣ በሐምሌና በነሐሴም ቢሆን የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይውላል። ስለዚህ የፈረንጁ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የበረዶ ጎማ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ብዙ ገዢ ከኪሣራ በዳነ ነበር። «የበጋ ጎማ» የተባለውም እንደዚሁ «የሙቀት ጎማ» ቢባል በተሻለ።

የሁለቱ ልዩነት ያለው በመጀመሪያ በላስቲኩ ቅመም ነው። ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የሙቀት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን እየደረቀ ስለሚሄድ መንገዱን መጨበጥ ይሳነዋል። ይህን ለማስቀረት ቀዝቃዛ አገሮች በብርድ ጊዜ እንኳ የማይጠጥር ለስላሳ ላስቲክ አበጁ፤ በጥርሱም ላይ በምላጭ የተሠነጠቁ የሚመስሉ እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን በብዛት ቀረጹበት፤ እነዚህ መስመሮች በረዶውን እየነከሱ ይይዛሉ። ለዚህ ሥራ የታሰበው የመጀመሪያው ጎማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በፊንላንድ፣ ዛሬ ኖኪያን በሚባለው ኩባንያ ለካሚዮን ተሠራ። ጀርመን ከ2010 ወዲህ በረዶ በተነጠፈበት መንገድ ያለዚህ ዓይነት ጎማ መንዳትን በሕግ ከልክላለች። ጎማው በቦታው ሕይወት አዳኝ ነው ማለት ነው።

ይኸው ጎማ ወደ ስምጥ ሸለቆ በወረደ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። ለብርድ የተቀመመው ላስቲክ በቀትር ፀሐይ በጋለ አስፋልት ላይ ከመጠን በላይ ይለሰልሳል፤ በምላጭ የተሠነጠቀውም ጥርስ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ መኪናው በሚገባው ቦታ እንዳይቆም ያደርጋል። ጎማው ይሞቃል፤ ቶሎም ያልቃል። ከሞጆ እስከ ባቱ ባለው 92 ኪሎ ሜትር ያህል የፍጥነት መንገድ ላይ፣ መኪናው ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ የጎማውም ነፋስ ጐድሎ በፍጥነት ሲነዳ ሙቀቱ እየተጠራቀመ ጎማውን እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። በመቶዎች ብር ቅናሽ ተገኘ የተባለው ዕቃ የሚመዘነው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ፤ «የበጋ ጎማ» የተባለው በዝናብ አያንሸራትትምን? አያንሸራትትም፤ እንዲያውም ለሞቃት ዝናብ የተሻለው እርሱ ነው። በዙሪያው የተቀረጹት ሰፋፊ ቦዮች ውሃውን ከሥሩ እየጠረጉ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይረጩታል። ቦዩ በመለቅለቅ ጥልቀቱን ባጣ ጊዜ ግን ውሃው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ገብቶ መኪናውን ያንሳፍፈዋል፤ ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝም። በአውሮፓ ሕግ የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ለዝናብ ጊዜ ግን ብዙ ባለሙያዎች 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ስለዚህ የባቱ ባለመኪና ሰኔ ሲገባ ሊጠይቅ የሚገባው የጎማውን ወቅት ሳይሆን የጥርሱን ጥልቀት ነው።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ኦል ሲዝን የሚባለው፣ ለሁሉም ወቅት የታሰበው ጎማ አለ። በአሜሪካ ጉድይር የተባለው ኩባንያ በ1977 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ በሰፊው ታውቋል። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ወስዷል፤ በሁለቱም ቦታ አንደኛ አይደለም። በጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ትርጕማቸው ጭቃና በረዶ ማለት ሲሆን ፋብሪካው ራሱ የሚሰጠው ስም እንጂ በፈተና የተገኘ ምስክር አይደለም። በብዙ ፒካፖች ጎማ ላይም ስለሚገኝ ይህ ብቻውን ገዢውን ሊያስደነግጠው አይገባም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ በመካከሉም የበረዶ ኮከብ ያለበት ምልክት ግን በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ምልክትና የምላጩ ስንጥቅ በአንድነት ሲገኙ፣ ላስቲኩም በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሲሆን፣ ለባቱ መንገድ አይሆንም ብሎ መመለስ ይሻላል። ንግዱ ወደ ባሌ የሚወስደው፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና ሲሻገር ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በሳነቴ አምባ ላይ ሌሊት ውርጭ ሊገጥመው የሚችል ሰው እንኳ ጥሩ ኦል ሲዝንና ዝግ ያለ አነዳድ ይበቃዋል።

ከወቅቱ ስም ይልቅ በጎማው ጎን የታተሙትን ቍጥሮች ማንበብ ይጠቅማል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩት አራት አኃዞች ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ያሳያሉ። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ገዢ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ዓመቱ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና። 3516 የሚል ቢገኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት፣ ማለትም በነሐሴ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተሠራ ነው። ገዢው 16 የሚለውን አይቶ የ2016 ዓ.ም. ሥራ ነው ብሎ ቢወስደው ስምንት ዓመት ያህል ያረጀ ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዛ ማለት ነው። ዋና ዋና ፋብሪካዎች ጥርሱ ምንም ቢተርፍ ከ10 ዓመት በላይ እንዳያገለግል ይመክራሉ፤ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የከረመውማ ከዚያም በፊት ይሰነጣጠቃል።

ለአሜሪካ ገበያ ጭምር በሚሠሩ ጎማዎች ላይ በእርጥብ መንገድ ስለ መያዝና ሙቀትን ስለ መቋቋም የተሰጠ ማዕረግም ይጻፋል። ሙቀትን በመቋቋም «ኤ» ከፍተኛው፣ «ሲ» ዝቅተኛው ነው፤ ለስምጥ ሸለቆ ኤ የተባለውን መፈለግ ይገባል። የአሜሪካ ደንብ ለበረዶ ጎማ ይህን ማዕረግ አያስገድድም።

የቲማቲምና የሽንኩርት ጭነት የሚያመላልሱት አይሱዙዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ለነርሱ ጥያቄው ፊት ለፊት ቀጥ ያለ መስመር፣ ኋላ ደግሞ ጭቃ የሚይዝ ወፍራም ጥርስ የመግጠም ነው፤ በእርሻው መንገድ የሚያስቸግራቸውም የግራር እሾህ እንጂ ብርድ አይደለም። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ስለሆኑ፣ ጎማ ሲለወጥላቸው የመሸከም ቍጥሩ ፋብሪካው ከጻፈው እንዳያንስ መጠበቅ አለበት። 91 የሚል ጎማ የሚሸከመው 615 ኪሎ ግራም ነው።

ከአውሮፓ በመጣ ያገለገለ መኪና ላይ የበረዶ ጎማ ተገጥሞ የተገኘ እንደሆነ አራቱንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ይገባል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ሁለቱን ብቻ ለውጦ ሁለቱን ቢተው፣ የመኪናው ፊትና ኋላ መንገዱን እኩል ስለማይዙ በእርጥብ መታጠፊያ ላይ ኋላው ሊዞርበት ይችላል፤ ይህም አራቱ የበረዶ ጎማዎች እንዳሉ ከሚያደርሱት አደጋ የባሰ ነው።