የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የልጃችሁ ካርድ

አባቶችና እናቶች፣ ለማስተማር ወደ መንደራችሁ ከመጣን ወዲህ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። «ልጃችን ከተማ ገብቶ ይማራል እንላለን፤ እዚያ ምን እንደሚሠራ ግን አናውቅም» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅ ሲሄድ እረኛ ይጎድላል፣ የቤት ኪራይ ይወጣል፣ ስንቅ ይሰናዳል። ይህን ሁሉ የሚያወጣ ሰው ስለምን እንደሚያወጣ ማወቅ አለበት። እኛም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣን ነንና የምናውቀውን እንንገራችሁ።

ትምህርት ቤቱ እንዴት ተጀመረ?

በአገራችን ንባብ ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ሲሰጥ ኖሯል። መንግሥት የከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዎቹ ከግብጽ የመጡ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የሚገቡት በአብዛኛው የመኳንንትና የሹማምንት ወንዶች ልጆች ናቸው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የገበሬ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ደጅ እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዘመን አለፈ። ዛሬ ልጃችሁ የሚቀመጥበት ወንበር በቀላሉ የተገኘ አይደለም ማለት ነው።

ውስጡ ምን ይመስላል?

ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ነው። ጧት ደወል ይደወላል። ተማሪው ይሰለፋል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ከዚያ ሁሉም ወደየክፍሉ ይገባል። በአንድ ክፍል 50ም 60ም ተማሪ ሊኖር ይችላል። አንዱ መምህር ሂሳብ አስተምሮ ሲወጣ ሌላው ጂኦግራፊ ሊያስተምር ይገባል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የገጠር ልጅ መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሰንፎ አይደለም፤ ቋንቋው ባዕድ ሆኖበት ነው።

ተማሪዎቹስ እንዴት ይኖራሉ?

ከገጠር የመጡት ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ እሁድ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። የአንዱ ስንቅ ሲያልቅ የሌላው ይበላል። አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ያነቡታል። ሂሳብ የገባው ላልገባው ያስረዳል። እኛ እዚህ የደረስነው በዚህ መረዳዳት ነው።

የሴቶቹ ጭነት ግን ይበዛል። ውኃ መቅዳቱም ወጥ መሥራቱም በእነሱ ላይ ይወድቃል። መንገድ ላይ የሚለክፋቸውም አይጠፋም። ስለዚህ ሴት ልጃችሁን ስትልኩ ከማን ጋር እንደምትኖር ሄዳችሁ እዩ። ፈርቶ ማስቀረት ግን መፍትሔ አይሆንም።

ካርድ ምንድን ነው?

የትምህርቱ ዘመን ሁለት መንፈቅ አለው። በየመንፈቁ መጨረሻ ለተማሪው ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱን ወላጅ አይቶ ይፈርምበታል።

ይህን ከጻፍነው መካከል አንዱ ያደረገውን እንናገር። 9ኛ ክፍል ሳለ 37ኛ ወጣ። አባቱ ማንበብ አይችሉም ነበር። «ስንተኛ ወጣህ?» ሲሉት «7ኛ» አላቸው። አባትም ደስ ብሏቸው ካርዱ ላይ የጣት አሻራቸውን አደረጉ። ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ለጫማው ብለውም አንድ በግ ሸጡ። ልጁ ያን ጫማ ባጠለቀ ቁጥር ያፍር ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ እውነቱን ነገራቸው። አባትየው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ያመንኩት አንተን ነው፤ ወረቀቱንማ የት አውቄው» አሉት።

ያ ልጅ በኋላ ተግቶ አጠና። ሌሎች ጓደኞቻችን ግን ወላጅ ሳያውቅ ከትምህርቱ ወጥተው የቀሩ አሉ። ከከተማ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ደህና ነው የሚል ነበር።

እናንተ ግን አሁን ፊደል ለይታችኋል። ቁጥርም ታነባላችሁ። ካርዱ ሲመጣ እነዚህን ፈልጉ፦

1ኛ. የልጁ ስምና ክፍል በትክክል መጻፉን እዩ።
2ኛ. በየትምህርቱ ከ100 ስንት እንዳገኘ አንብቡ። ከ50 በታች ከሆነ ልጁ እርዳታ ያስፈልገዋል።
3ኛ. ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደወጣ አንብቡ።
4ኛ. ስንት ቀን እንደቀረ እዩ። ከሁሉ በፊት ችግርን የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው።

ውጤቱ ዝቅ ካለ ዱላ አታንሱ። «የቱ ነው ያልገባህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆች ለስብሰባ ሲጠሩም ሂዱ፤ መምህሩንም አነጋግሩ። ጊዜ የለኝም አትበሉ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ ልጅ የወደቀው በፈተናው ቀን አይደለም። ድክመቱ የተጠራቀመው በየዓመቱ ነው። ማሳ በአረም የሚዋጠው በአንድ ሌሊት እንዳልሆነ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ካርዱ ሲመጣ ለልጁ «አንብብልኝ» አትበሉት። ተቀበሉት፣ ራሳችሁ አንብቡት፣ ከዚያ በስማችሁ ፈርሙበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚቸገረው ለምንድን ነው?
2. ልጁ አባቱን ለማታለል የቻለው እንዴት ነው?
3. ከመንደራችን ሄደው የሚማሩትን ሴቶች ልጆች በምን ልንረዳቸው እንችላለን?