የናሚብ በረሃ ላይክኖች፦ በጉም የሚኖሩትን ዝርያዎች እንዴት እንለያቸው?

በናሚቢያ የአትላንቲክ ጠረፍ በዓመት የሚጥለው ዝናብ በአብዛኛው ከ25 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይሁን እንጂ ከስዋኮፕመንድ ከተማ በስተሰሜን ያለውን የጠጠር ሜዳ ብርቱካንማና ግራጫማ ላይክኖች ሸፍነውት ይታያሉ። እርጥበት የሚያገኙት በቀዝቃዛው የቤንጌላ የባሕር ጅረት ምክንያት ከሚፈጠረው ጉም ነው።

ላይክን ተክል አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1867 እንዳስረዱት፣ ፈንገስ ከአልጌ ወይም ከሳያኖባክቴሪያ ጋር ተጣምሮ የሚኖርበት አካል ነው። ሳይንሳዊ ስሙም የፈንገሱ ስም ነው።

ዝርያዎቹን ለመለየት በቅድሚያ ቅርጻቸውን እንመለከታለን፤ ቅርፊት መሰል፣ ቅጠል መሰል እና ቁጥቋጦ መሰል ተብለው ይመደባሉ። ለምሳሌ ቴሎስኪስቴስ ካፔንሲስ ብርቱካንማ ቁጥቋጦ ይመስላል። ዛንቶፓርሜሊያ ኮንቮሉታ ግን ከመሬት ጋር ሳይጣበቅ ይኖራል፤ ሲደርቅም ተጠቅልሎ ነፋስ ያንከባልለዋል።

ነገር ግን አንዱ ላይክን ሲርስና ሲደርቅ መልኩ ስለሚለያይ ዓይን ብቻውን አያስተማምንም። ስለዚህ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ እናሳርፍበታለን፤ የቴሎስኪስቴስ ብርቱካንማ ቀለም ወዲያው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። እጅግ የሚመሳሰሉትን ደግሞ ስፖሮቻቸውን በማይክሮስኮፕ በመመርመርና በዲ.ኤን.ኤ. እንለያቸዋለን።

የዚህ ሥራ ጥቅም ስም በማውጣት ብቻ አይወሰንም። ላይክን እጅግ አዝጋሚ እድገት ስላለው፣ ከመንገድ የወጣ መኪና የሚተወው የጎማ ዱካ ለአሥርት ዓመታት ሳይሽር ይቆያል። የትኛው ዝርያ የት እንደሚገኝ አስቀድመን ካልመዘገብን፣ ከጎማው ሥር ምን እንደጠፋ እንኳ ለማወቅ አንችልም።